እየተበላሸ ካለ ሃርድ ዲስክ መረጃን የማውጣት አሠራር

ሃርድ ዲስክ የመበላሸት ምልክት ሲያሳይ አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር የሚድነው ምን እንደሆነ ነው። ዲስኩ ራሱ አይድንም። ሊድን የሚችለው በውስጡ የተቀመጠው መረጃ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚድነው ዲስኩ የቀረችውን ጥቂት የሥራ ጊዜ ለንባብ ብቻ ካዋልናት ነው። የታመመ ዲስክ በዞረ ቁጥር ከዕድሜው ላይ ይቀነሳልና፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ለማይተካው ፋይል መዋል አለበት እንጂ ለጥገና ሙከራ መባከን የለበትም። ከዚህ በታች የተጻፈው ቅደም ተከተል ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ሲወስድበት፣ የዲስክ ስሕተትን ፈትሾ የሚጠግነውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ቼክ ዲስክን፣ አስነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ እንዲያድር ተወው። በማግስቱ ጠዋት አብረን ስናየው ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከመቶ 11 ላይ ቆሟል፤ ጆሮዬን ወደ ላፕቶፑ ሳስጠጋ በየሦስት ሰከንዱ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ማታ እየተንቀራፈፉም ቢሆን ይከፈቱ የነበሩት የልጆቹ ፎቶግራፎች ጠዋት ላይ ጨርሶ አልተከፈቱም። ዲስኩ ያን ሌሊት የጨረሰው ጉልበት ፎቶግራፎቹን ለመቅዳት ውሎ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ይተርፉ እንደነበር አልጠራጠርም።

በውስጡ የሚሆነው ነገር

በሃርድ ዲስክ ውስጥ ማግኔታዊ ቅብ ያላቸው ክብ ሳህኖች አሉ፤ እነዚህም በአብዛኞቹ የግል ኮምፒውተሮች ላይ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። መረጃውን የሚያነብበውና የሚጽፈው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፎ፣ ከሳህኑ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ርቆ ይሄዳል። የሰው ጠጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር ስለሚለካ፣ በዐይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት እንኳ በዚህ ራስ መንገድ ላይ ከባድ እንቅፋት ናት። ራሱ ሳህኑን የነካ እንደሆነ ቅቡን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ብናኝ ደግሞ ከሳህኑ ጋር እየዞረ ሌላውን ቦታ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ጉዳት እየወለደ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

መረጃው የሚቀመጠው 512 ወይም 4096 ባይት በሚይዙ ሴክተር በሚባሉ ክፍልፋዮች ነው። ዲስኩ አንድን ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ዝም ብሎ አያልፈውም፤ የሚያነብበውን ራስ እያነሣና እየመለሰ ለብዙ ሰከንዶች ደጋግሞ ይሞክራል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም በበኩሉ መልስ ሲያጣ ጥያቄውን እንደገና ይልካል። ኮምፒውተሩ ድንገት ደርቆ የሚቆመው፣ የማውዙ ጠቋሚ እየተንቀሳቀሰ ሌላው ሁሉ የማይታዘዘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምልልስ ወቅት ነው። ይህን የተረዳ ሰው አንድን የማይከፈት ፋይል አሥር ጊዜ መጫን ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም።

አንደኛ ደረጃ፦ ድምፁን ሰምቶ መወሰን

ከሁሉ በፊት ያዳምጡ። ዲስኩ በተመሳሳይ የጊዜ ልዩነት ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ፣ ብረት ለብረት የሚፋተግ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ለመነሣት እየሞከረ ሲጥ ሲጥ ብሎ ከቆመ፣ ብልሽቱ ሜካኒካዊ ነው። በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ የለም። ኮምፒውተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ሳይጠብቁ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይዘው ያጥፉት፤ ኤክስተርናል ዲስክ ከሆነ ገመዱን ይንቀሉ። ከዚያ በኋላ "አንድ ጊዜ ብቻ" ተብሎ እንኳ መልሶ መብራት የለበትም። መረጃው በገንዘብ ወይም በስሜት የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ መረጃ ማዳን ባለሙያ መውሰድ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ስለእሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድምፁ የተለመደው ሆኖ ነገር ግን ፋይል ለመክፈት የሚዘገይ፣ ሲቀዱበት መሐል ላይ የሚቆም፣ ፎልደሮች የሚጠፉበትና ተመልሰው የሚታዩበት፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንዳንዴ የሚያገኘው አንዳንዴ የሚያጣው ዲስክ ከሆነ ግን፣ አሁንም ሊነበብ የሚችል ነው። የሚቀጥሉት ደረጃዎች የሚመለከቱት ይህን ዓይነቱን ዲስክ ነው።

በዚህ መሐል ከኮምፒውተሩ ለሚመጡ ግብዣዎች እምቢ ማለት ይገባል። ዊንዶውስ ሲነሣ ዲስኩን ልፈትሽ ብሎ መቁጠር ከጀመረ ጊዜው ሳያልቅ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነው ያስቁሙት። ዲስኩን ሲሰኩ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ከጠየቀ ሰርዘው ይውጡ። የማክ ፈርስት ኤይድና በሊኑክስ የሚገኙት የፋይል ሲስተም ጥገና ፕሮግራሞችም ከቼክ ዲስክ አይለዩም፤ ሁሉም የተሠሩት ጤነኛ ዲስክ ላይ የተዛባን የፋይል መዝገብ ለማስተካከል ነው፤ ይህንንም የሚያደርጉት በዲስኩ ላይ በመጻፍ ነው። በታመመ ዲስክ ላይ ሲሠሩ ሊነበብ ያልቻለውን የመዝገብ ክፍል እንደጠፋ ቆጥረው፣ በሥሩ ያሉትን ፋይሎች ከመዝገቡ ሊሰርዟቸው ይችላሉ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ዲስኩ ስለራሱ የሚናገረውን ማንበብ

ሃርድ ዲስኮች ስማርት በተባለው ሥርዓት የራሳቸውን ጤና ይመዘግባሉ። ይህን መዝገብ ማንበብ ዲስኩን ብዙም አያደክምም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ማየት ተገቢ ነው። በዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ በሊኑክስ ላይ ጂስማርት ኮንትሮል ወይም ስማርትሞንቱልስ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ያሳዩዎታል። ረጅሙን የፍተሻ ትእዛዝ ግን አያስነሡ፤ እሱ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያስነብብ ሲሆን፣ ከዚህ ልፋት አንዲት ፋይል እንኳ አይገኝበትም።

ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ዐይን የሚያርፍባቸው ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ቁጥር 5 ዲስኩ ከጥቅም ውጪ አድርጎ በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች ብዛት ነው። ቁጥር 197 ለማንበብ አቅቶት ወደፊት ሊወስንባቸው ያቆያቸው፣ ቁጥር 198 ደግሞ በፍተሻ ወቅት ፈጽሞ ሊነበቡ ያልቻሉት ናቸው። ቁጥር 187 ሊታረሙ ያልቻሉ ስሕተቶች ስንት ጊዜ እንደተመዘገቡ ይናገራል። ፕሮግራሙ መለያዎቹን በአሥራ ስድስት መሠረት አቆጣጠር የሚጽፍ ከሆነ 197 ሲ5 ሆኖ፣ 198 ደግሞ ሲ6 ሆኖ ይታያል፤ መታየት ያለበትም ከጎን ያለው ጥሬ ቁጥር ነው። እኔ በተለይ የምፈራው 197ን ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የተቆጠረ ሴክተር ሁሉ አሁን ሊነበብ ያልቻለ የአንድ ፋይል ቁራሽ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ የሚለየው ቁጥር 199 ነው። እሱ የሚቆጥረው በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል መረጃ ሲተላለፍ የሚፈጠርን ስሕተት ስለሆነ፣ ሌሎቹ ዜሮ ሆነው ይህ ብቻ ከፍ ካለ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የመሰኪያው ሊሆን ይችላል። ኬብሉን ቀይሮ ቁጥሩ መጨመሩን ማቆሙን ማየት ነው። የተመዘገበው ቁጥር ራሱ ግን ወደ ዜሮ ስለማይመለስ፣ ከኬብል ቅየራው በኋላ አለመጥፋቱ ሊያሳስብ አይገባም።

ስማርት "ጤነኛ" ብሎ ስለጻፈ ብቻ መዘናጋት አይገባም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንቶ ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ዲስክ የመጀመሪያውን የፍተሻ ስሕተት ካሳየ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ምንም ስሕተት ካላሳየው ዲስክ 39 ጊዜ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ያው ጥናት ግን ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹን የስማርት ማስጠንቀቂያዎች አንዱንም ሳያሳዩ እንደተበላሹ ጽፏል። መዝገቡ መጥፎ ዜና ሲናገር ይታመናል፤ ዝም ሲል ግን ዝምታው ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ዲስኩ ጠፍቶ ሳለ የሚደረግ ዝግጅት

አሁን ዲስኩን አጥፍተው የሚያስፈልገውን ሁሉ በሌላ ኮምፒውተር ያዘጋጁ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጤነኛ መቀበያ ዲስክ ነው። ሙሉ ቅጂ የሚወሰድ ከሆነ መቀበያው ከታመመው ዲስክ ጠቅላላ መጠን መብለጥ አለበት፤ ግማሹ ባዶ የሆነ የ1 ቴራባይት ዲስክም በሙሉ ሲቀዳ 1 ቴራባይት ቦታ ይጠይቃል። መቀበያው በፋት32 ፎርማት የተደረገ እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ይህ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ ስለማይችል ቅጂው ተጀምሮ ወዲያው ይቆማል።

ቀጥሎ በወረቀት ላይ የማይተኩትን ፋይሎች በቅደም ተከተል ይጻፉ። ፕሮግራሞች፣ ፊልሞች፣ ዊንዶውስ ራሱ እንደገና ይገኛሉ። ያልተጠናቀቀ የጥናት ጽሑፍ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን አይገኝም። ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ፎልደር ስምና ቦታ በማስታወስ ይጻፉ፤ ዲስኩ ተነሥቶ እየዞረ ፎልደር ለፎልደር መፈለግ ውድ የሆነውን ጊዜ ይበላል።

ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አውጥተው ከሌላ ኮምፒውተር የሳታ መሰኪያ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ዲስክ ከሚሰካበት ቦታ) ጋር በቀጥታ ማገናኘት ከሁሉ ይመረጣል፤ የዩኤስቢ ማገናኛዎች ስሕተት ሲበዛ ግንኙነቱን ሊያቋርጡ ስለሚችሉ ነው። ዩኤስቢ የግድ ከሆነ ትልቁ የ3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ የኃይል ምንጭ ያለው ማገናኛ መሆን አለበት። አንዳንድ ኤክስተርናል ዲስኮች በቅርፊታቸው ውስጥ ያለው ሰሌዳ መረጃውን በምስጢር ኮድ ስለሚቀይረው፣ ዲስኩን ከቅርፊቱ አውጥተው ሲያገናኙት ባዶ ወይም ትርጉም የለሽ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ከሆነ መረጃው ጠፍቷል ብለው አይደንግጡ፤ ቅርፊቱን ግን አይጣሉ። ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ የምስጢር መቆለፊያ የተቆለፈ ዲስክ ከሆነም ባለ 48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ከአሁኑ ፈልገው ያግኙ፤ ያለ እሱ ወይም ያለ ይለፍ ቃሉ ፍጹም የሆነ ቅጂ እንኳ አይነበብም።

ማሽኑ መሐል ላይ እንዳይተኛ የእንቅልፍ ቅንብሩን ያጥፉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ። ዲስኩ ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ በላዩ የትንሽ ቬንትሌተር ነፋስ ቢያልፍበት መልካም ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ጥቂቱን ቀድሞ መቅዳት፣ ወይስ ሙሉ ቅጂ?

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። ጥብቅ የሆኑት ሁልጊዜ ሙሉ ቅጂ ይቅደም ይላሉ፤ ምክንያታቸው ፋይል ለፋይል መቅዳት የሚያነብበውን ራስ ወዲያና ወዲህ ስለሚያሯሩጠው ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የማይተካው ነገር በአንድ ወይም በሁለት ፎልደር ውስጥ ያለና ከጥቂት ጊጋባይት የማይበልጥ ከሆነ፣ ዲስኩም ፎልደሮቹን ያለ ችግር የሚያሳይ ከሆነ፣ እሱ ቀድሞ ይውጣ፤ ከዚያ ሙሉ ቅጂ ይከተል። ዲስኩ ገና ሲሰካ ኮምፒውተሩን የሚያደርቅ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ሙሉ ቅጂ ይሂዱ።

ፎልደሩን ቀድሞ ለማውጣት ሲወስኑ ከፍተው አይመልከቱት። የፎቶግራፍ ፎልደር በተከፈተ ቁጥር ዊንዶውስ ትንንሾቹን ምስሎች ለመሥራት ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ያነባል፤ ይህም አንድ ጊዜ መቅዳት ሲገባ ሁለት ጊዜ ማስነበብ ነው። ከውጭ ሆነው ፎልደሩን በሙሉ ይቅዱ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ሮቦኮፒ የተባለ የመቅጃ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የድግግሞሹን ቁጥር ወደ 0 ወይም 1፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ደግሞ ወደ 0 ዝቅ ማድረግ የግድ ነው። ካልተነገረው ፕሮግራሙ አልነበብ ያለውን አንድ ፋይል እያንዳንዱ ሙከራ መሐል 30 ሰከንድ እየጠበቀ 1,000,000 ጊዜ ሊሞክረው የተቀናበረ ነው። አንድ ፋይል እምቢ ካለ ዝለሉት፤ ተራው በኋላ ይደርሳል።

አምስተኛ ደረጃ፦ በዲዲሬስኪው ሙሉ ቅጂ መውሰድ

ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው ነፃ መሣሪያዎች ሁሉ የምተማመነው የግኑ ፕሮጀክት በሆነው ዲዲሬስኪው ነው። ብልኃቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ይሰበስባል፤ ስሕተት ሲያጋጥመው አይታገልም፤ ቦታውን መዝግቦ ርቆ ይዘልላል። የተዘለሉትን ጥሩው ሁሉ ከወጣ በኋላ ይመለስባቸዋል። ዲስኩ መሐል ላይ ቢሞት እንኳ ሊወጣ ከሚችለው አብዛኛው ወጥቷል ማለት ነው። ተራ የኮፒ ፕሮግራም ግን የመጀመሪያው ክፉ ሴክተር ላይ ተቀርቅሮ ዲስኩን እዚያው ይጨርሰዋል።

ፕሮግራሙ ሲስተም ሬስኪው በተባለው፣ ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ፍላሹን በጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጁ፣ ኮምፒውተሩን ከእሱ ያስነሡ፣ የታመመውን ዲስክ ማውንት ሳያደርጉ፣ ማለትም ፎልደሮቹን ሳያስከፍቱ፣ መቀበያውን ብቻ ማውንት ያድርጉ።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም አደገኛ ጊዜ ነው፤ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መቀበያ እንደሆነ መለየት። በሊኑክስ ውስጥ ዲስኮቹ የሚጠሩት በአጫጭር ፊደሎች ስለሆነ ማሳሳታቸው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩትም ፊደሎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ስለዚህ በፊደሉ ሳይሆን በመጠኑ፣ በሞዴሉና በዲስኩ ጀርባ ላይ በተለጠፈው መለያ ቁጥር ያረጋግጡ። ምንጩና መቀበያው ከተገላበጡ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፍበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። ጮክ ብዬ አንብቤ፣ ከወረቀት ጋር አመሳክሬ ነው የማስጀመሪያውን ቁልፍ የምጫነው፤ ይህን ልማድ ለማንም እመክራለሁ።

ለዲዲሬስኪው ሦስት ነገሮች በዚህ ቅደም ተከተል ይሰጡታል፦ ምንጩ ዲስክ፣ በመቀበያው ላይ የሚፈጠረው የኢሜጅ ፋይል (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ የሚይዘው አንድ ትልቅ ፋይል)፣ እና ማፕ ፋይል። ማፕ ፋይል ማለት የትኛው ቦታ ተነብቦ የትኛው እንደቀረ የሚመዘገብበት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ያለ እሱ የተጀመረ ሥራ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ይነሣል፤ እሱ ካለ ግን ኮንትሮልና ሲ ተጭነው ቢያቆሙት፣ መብራት ቢጠፋ፣ ዲስኩ እንዲበርድ ለሰዓታት ቢያሳርፉት፣ ያንኑ ትእዛዝ ሲደግሙ ካቆመበት ይቀጥላል። ማፕ ፋይሉ ከታመመው ዲስክ ላይም፣ ሲጠፋ ከሚረሳው የፍላሹ ጊዜያዊ ማኅደር ላይም መቀመጥ የለበትም፤ ቦታው ከኢሜጁ ጎን ነው።

በመጀመሪያው ዙር ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ ሰረዝና ንኡሱ የኤን ፊደል ይጨመርበታል፤ ይህ አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች ሴክተር በሴክተር ለመልቀም እንዳይታገል ይነግረዋል። ዙሩ ሲያልቅ ለሁለተኛው ዙር ኤን ይወጣና በምትኩ ሰረዝ ዲ፣ እንዲሁም ሰረዝ አርና 3 ቁጥር ይገባሉ፤ የመጀመሪያው ዲስኩን በቀጥታ እንዲያነብ፣ ሁለተኛው እምቢ ያሉትን ሴክተሮች ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ያዘዋል። ዋናውን አር በትልቁ ፊደል ከጻፉት ንባቡ ከዲስኩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይዞራል፤ ከፊት ሲመጣ የሚቀረቀርበትን ቦታ ከኋላ ሲመጣ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ስክሪኑን እየጎበኙ ይከታተሉ እንጂ ፈጥጠው አይቀመጡ። የዳነው መጠን ከፍ እያለ፣ የንባብ ስሕተቱ ቁጥር በዝግታ ሲጨምር ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢያነብ 1 ቴራባይት ለመጨረስ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይወስድበታል፤ የታመመ ግን ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ፍጥነቱ ወደ ጥቂት ኪሎባይት ወርዶ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ያቁሙት፤ የዲስኩ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈም አጥፍተው ያሳርፉት። ቀደም ሲል ያልነበረ የቀጭታ ድምፅ ከተሰማ ግን ያኔውኑ ያጥፉና ወደ አንደኛው ደረጃ ይመለሱ፤ እስከዚያ የወጣው በእጅዎ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ከቅጂው ፋይሎችን ማውጣት

ኢሜጁ ካለቀ በኋላ የታመመውን ዲስክ ነቅለው ያስቀምጡት። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በቅጂው ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳይነካ የሚቀመጥ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ቢኖረው ይመረጣል። ኢሜጁ ለንባብ ብቻ ማውንት ሲደረግ ፎልደሮቹ ከነስማቸው ከታዩ የሚቀረው መቅዳት ብቻ ነው። ካልታዩ ቴስትዲስክ የጠፋውን ክፍልፋይ ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። ያም ካልሆነ የቴስትዲስክ ወንድም የሆነው ፎቶሬክ አለ፤ እሱ የፋይል መዝገቡን ትቶ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት በሚጀምርበት ምልክት ፋይሎችን ይለቅማል። ብዙ ያተርፋል፤ ነገር ግን የፋይሎቹ ስምና የፎልደሮቹ አቀማመጥ ስለሚጠፋ ሺህ ፎቶግራፎች በቁጥር ስም ተሰባጥረው ይመጣሉ። ስለዚህ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የሚወጡት ፋይሎች የሚጻፉት ኢሜጁ ባልተቀመጠበት ሌላ ዲስክ ላይ ቢሆን ይሻላል።

መጀመሪያ ላይ የከለከልኩት ቼክ ዲስክ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ኢሜጁ ወደ ጤነኛ ዲስክ ከተገለበጠ በኋላ በዚያ ግልባጭ ላይ ማስነሣት ይቻላል፤ ቢያበላሽ እንኳ ሌላ ቅጂ አለ።

የወጡትን ፋይሎች በስማቸው ብቻ አይመኑ። ያልተነበቡት ሴክተሮች ቦታ በኢሜጁ ውስጥ ባዶ ስለሚሆን፣ ፋይሉ በመጠኑ ሙሉ መስሎ ሲከፈት ፎቶግራፉ ከወገቡ በታች ግራጫ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የትኞቹ ፋይሎች እንደተጎዱ ለመለየት ጥሩ ዘዴ አለ፦ የኢሜጁን አንድ ግልባጭ ወስዶ፣ ዲዲሬስኪው በማፕ ፋይሉ መሠረት ያልተነበቡትን ቦታዎች በሌላ የትም በማይገኝ ቃል እንዲሞላቸው ማዘዝ፣ ከዚያም ያንን ቃል የያዙትን ፋይሎች መፈለግ ነው። የተገኙት ፋይሎች ጉዳት የደረሰባቸው ናቸው፤ የቀሩትን በዚህ በኩል ማመን ይቻላል።

ስለተለመዱ መፍትሔዎች

ዲስክን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር እስከ ዛሬ የሚመከር ነገር ነው። ቀዝቃዛው ዲስክ ወደ ሞቃት አየር ሲወጣ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይቋጠርበታል፤ በሳህኑና በሚያነብበው ራስ መካከል ያለውን ርቀት ላስታወሰ ሰው አንድ ጠብታ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። መምታትና ማንቀጥቀጥም እንዲሁ። ክዳኑን በቤት ውስጥ መክፈት ደግሞ ባለሙያዎች አየሩ በተጣራ ልዩ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያደርጉትን ነገር በአቧራ መሐል ማድረግ ነው። ከሥሩ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ወስዶ መቀየር በጥንት ዲስኮች ላይ ይሠራ ነበር፤ በዘመናዊዎቹ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ዲስክ ብቻ የተለካ መረጃ በሰሌዳው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ያንን የያዘውን ቺፕ አብሮ ማዛወር ካልተቻለ አይሠራም።

ኤስኤስዲ የሆነ እንደሆነ

ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በሳህን ፈንታ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ የሚዞር ነገር ስለሌለው በድምፅ አያስጠነቅቅም። አንዳንዱ መጻፍ እምቢ ብሎ ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል፤ ይህ ከተገኘ ዕድል ነውና ወዲያው ሁሉንም መቅዳት ነው። ሌላው ግን በአንድ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ፊት ይሰወራል። ትሪም የተባለው አሠራር የተሰረዙ ፋይሎችን ቦታ ስለሚያጸዳ፣ በስሕተት የተሰረዘ ፋይልን ከኤስኤስዲ መመለስ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ሙሉ ቅጂ የመውሰዱ አሠራር ግን ከላይ እንደተጻፈው ነው።

ወደ ባለሙያ ሲሄዱ

ለባለሙያው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ወድቆ እንደሆነ፣ ምን ፕሮግራም እንደተሞከረበት። የተሞከረውን መደበቅ የሚጎዳው መረጃውን ነው። መርምሮ ዋጋ ሳይነግርዎ ሥራ እንዳይጀምር፣ መረጃው ካልወጣ ምን እንደሚያስከፍል፣ ዲስኩን የሚከፍትበት ንጹሕ ክፍል እንዳለው ይጠይቁ። ዲስኩን ከፊትዎ በኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ደጋግሞ የሚያስነሣ ከሆነ ተቀብለው ይውጡ። ዲስኩ ሲጓጓዝ ጸረ ስታቲክ በሆነ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በየአቅጣጫው ለስላሳ ነገር ተደርጎለት፣ ሣጥኑ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ ይታሸግ።

ከዚያ በኋላ

መረጃው ወጥቶ ተከፍቶ እስኪረጋገጥና ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ የታመመውን ዲስክ አይጣሉ። ሁሉም ከተረጋገጠ በኋላም ፎርማት አድርገው ለሌላ ሰው አይስጡት፤ ለጊዜው ጤነኛ መስሎ ቢታይም ተመልሶ ያንኑ ያደርጋል። ከጥቅም ውጪ ተደርገው በመጠባበቂያ የተተኩት ሴክተሮች በተራ የማጥፊያ ፕሮግራም ስለማይደረስባቸው፣ በውስጣቸው የቀረ ጽሑፍ እዚያው ይኖራል። ምስጢራዊ ሰነድ የነበረበት ዲስክ ከሆነ ሳህኖቹን መስበር ወይም በብዙ ቦታ መብሳት ያስፈልጋል፤ የብዙ ላፕቶፕ ዲስኮች ሳህን ከመስታወት የተሠራ ስለሆነ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይፈነጠራልና፣ ዲስኩ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የዐይን መከላከያ ተደርጎ ይሠራ።